በገዛ ዳቦ ቤቴ የውጭ ባለሀብት ስሆን

ሞያሌ ውስጥ ሰው ቁርሱን በአንድ አገር ምሳውን በሌላ አገር ይበላል፤ ለዚህም ማንንም አያስፈቅድም። እኔም ከኢትዮጵያ መጥቼ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ስኖር ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ዳቦ ቤት ነበረኝ። ዳቦ መጋገር ማንም አላስተማረኝም፤ ያሳረርኩት ዱቄት ነው ያስተማረኝ። ሚስቴ እዚያው ተወልዳ ያደገች ኬንያዊት ስለሆነች የንግድ ፈቃዱ በእሷ ስም ነበር፤ ሁለታችንም ከዚያ በላይ ወረቀት ያስፈልጋል ብለን አስበን አናውቅም።

አንድ ጠዋት አዲስ የተሾመ የኢሚግሬሽን ኃላፊ ዳቦ ሊገዛ መጣ። እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ነበር። ቤቱ የማን እንደሆነ በስዋሂሊ ጠየቀኝ፤ የእኔ ነው አልኩት። ብልጥ ሰው ቢሆን የሚስቴ ነው ይል ነበር። ቀጥሎ ኪፓንዴ፣ ማለትም የኬንያ መታወቂያ፣ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኩት። ሰውየው በመጀመሪያ የዳቦውን ሂሳብ ከፈለ፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት እንደማይችል፣ በሚስት ሱቅ ላይም ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ ወግ ያለው ድርጅት አቋቁሜ እንዳመለክት ነገረኝ። እስከዚያው እጄን ከሊጥ ላውጣ፤ ሁለተኛ ካገኘኝ በድንበሩ በር በኩል ወደ አገሬ ይሸኘኛል።

የሚስት ነገር ደግሞ እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን ኬንያዊ ያገባች የውጭ ሴት ዜግነት መጠየቅ ትችል ነበር። ኬንያዊት ያገባ ወንድ ግን ባል ከመሆን በቀር የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ጎረቤቴ፣ እንደ እኔ ከደጋ የመጣ ሆቴል ቤት ያለው ሰው፣ ነገሩን ሰምቶ ሳቀብኝ።

«እዚሁ ኬንያ፣ ኦቦ የሚባል መንደር ነው የተወለድኩት በልና ኪፓንዴህን አውጣ» አለኝ። «ገጠር ነው፣ መንገድ የለው፣ ማን ሄዶ ያጣራል? እኔ ራሴ ኦቦ ከተወለድኩ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«እናቴን ምን ልበላት? ሳታውቂ ነው የወለድሽኝ ልበላት?»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ እውነትህ ጦምህን ታድራለህ» ብሎኝ ሄደ።

ማታ ልጆቼን ሰብስቤ እንደ ልማዴ መከርኳቸው። በውሸት የተገኘ መታወቂያ ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ሰውን ያጎብጠዋል አልኳቸው። ዓይናቸው ከሳህኑ ላይ ሳይነቀል በጥሞና ሰሙኝ።

ከዚያ ወደ ጠበቃ ሄድኩ። ድርጅት በአንድ ሰው እንደማይቋቋም፣ ቢያንስ ሁለት ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔና ሚስቴ ሁለት ነን። ለውጭ ባለሀብት ጥያቄው ስለሚበዛ ግን አክሲዮኑ ከሞላ ጎደል በሚስቴ ስም ቢሆን፣ እሷ ሊቀመንበር ብትሆን፣ ድርጅቱም እኔን ከውጭ የመጣ የጋገራ ባለሙያ ብሎ ቢቀጥረኝ እንደሚሻል መከረኝ። አሰብኩበት። እዚያ ቤት መሥራቴ እውነት ነው፤ ስለዚህ አልዋሸሁም ብዬ ተስማማሁ።

የመመሥረቻው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለነበረ ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጄ እየተረጎመች አነበበችልኝ። ድርጅቱ ማዕድን ይቆፍራል፣ ትላለች። መርከብ ይገዛል፣ ያከራያል፣ ትላለች። ውሃ በአህያ እየተጫነ በሚሸጥበት ከተማ እኔ መርከብ ላከራይ ነው። ተነሥቼ ጠበቃው ዘንድ ሄድኩ።

«ይኼ የተለመደ ጽሑፍ ነው፤ ማንንም አይጎዳም» አለኝ።

«መርከብ የለኝም።»

«ወደፊት ቢኖርዎትስ?»

«ያን ጊዜ እንጽፈዋለን።»

እያጉረመረመ እንደገና አስተየበው። በድርጅቱ ዓላማ ሥር አንድ መስመር ብቻ ቀረ፤ ዳቦ መጋገርና መሸጥ። የምዝገባው የምስክር ወረቀት ከናይሮቢ በከብት መኪና መጣልን፤ ፖስታው የፍየል ሽታ ነበረው። ሚስቴ ፍሬም አስገብታ ሰቀለችው። ልጆቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ሲጨመር መጀመሪያ ለሊቀመንበሯ ይሁን እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር።

እኔ በዚህ ሁሉ ጊዜ እጄን ከሊጥ አውጥቻለሁ። በመስኮቱ ሥር የዱቄት ጆንያ አንጥፌ እቀመጥና ሠራተኞቹን ከውጭ ሆኜ አዝዛቸው ነበር። ኃላፊው ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየኛል፤ ጩኸት ፈቃድ እንደማይጠይቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

የሥራ ፈቃዱን ማመልከቻ ካስገባን በኋላ ኃላፊው ሁለታችንንም ወደ ቢሮው ጠራን። የተተኮሰ ሸሚዝ ለበስኩ። ከቤት ስንወጣ ደጃፉ ላይ ሚስቴን አስቆምኳትና አንዲት የውሸት ቃል እንዳትናገር አስጠነቀቅኳት። እሺ አለች። ፈጥና እሺ ማለቷ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

ኃላፊው ማመልከቻውን ገልጦ ወደ እሷ ዞረ። «ማማ፣ ይህ ሰው የሚያውቀው፣ ኬንያዊ የማያውቀው ሥራ ምንድን ነው?»

ወገቤን አቀናሁ።

«ምንም» አለች ሚስቴ። «የሚያውቀውን ሁሉ ለሠራተኞቹ በጩኸት አስተምሯቸዋል። እንዲያውም እሱ ውጭ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ ዳቦ አርሮብን አያውቅም።»

ልቆጣ አልቻልኩም፤ እውነቱን ተናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ የተናገረችውም እውነት ነው። ኃላፊው ፋይሉን ዘጋ። ከውጭ ሠራተኛ የሚመጣው በአገር ውስጥ ሲጠፋ ብቻ እንደሆነ፣ ስለዚህ ፈቃድ እንደሌለ በእርጋታ ነገረን። በዚያች ደቂቃ የታየኝ ድንበሩ ነው፤ ቤቴና ልጆቼ በዚህ በኩል፣ እኔ በዚያ በኩል፣ በበዓል በበዓል እንደ ዘመድ ልጠይቃቸው ስመጣ።

ሚስቴ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ሠራተኛ ነው ብሎ የጻፈው ጠበቃው ነው» አለች። «ምድጃውን የገነባው እሱ ነው። ገንዘቡም የእሱ ነው፤ እኔ ያዋጣሁት ስሜን ነው። እኔ ሠራተኛ አጥቼ አልመጣሁም። ሀብቱን እዚህ ያፈሰሰ ሰው እዚሁ ይኑር ነው የምለው።»

ኃላፊው ፋይሉን መልሶ ከፈተና የመመሥረቻውን ጽሑፍ አወጣ። አንድ መስመር ለማንበብ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«መርከቡስ የት አለ?» አለኝ።

«የለንም።»

«እኔ ያነበብኳቸው ድርጅቶች ሁሉ መርከብ አላቸው።» መሳቅ አማረው፤ ተወውና አተኩሮ አየኝ። «የሌለህን መርከብ አሰረዝክ። ያለህን ምድጃ ግን አላስጻፍክም። ለምን?»

«ለውጭ ባለሀብት ጥያቄው ይበዛል ተብዬ ነው» አልኩት። ልጆቼን ስመክር የኖርኩት የሌለውን አለ ስለሚል ሰው ነው፤ ያለውን ስለሚሸፍን ሰው አንድም ቀን አንሥቼ አላውቅም። ያም ያው ውሸት ነው። ሽፋኑን ጠበቃ ቢያለብሰውም ያው ነው።

ኃላፊው መንገዱን አሳየን። «ሠራተኛን ምን ታውቃለህ ብለን እንጠይቀዋለን። ባለሀብትን የምንጠይቀው ምን አመጣህ ብለን ነው። አክሲዮኑን እንደ እውነቱ አስተካክሉና በባለሀብትነት ያመልክት።»

ጠበቃው ለሦስተኛ ጊዜ እያጉረመረመ ጻፈው። የዱቄቱንና የብረቱን ደረሰኝ ከየሳጥኑ ለቀምን። ኃላፊው ራሱ መጥቶ ምድጃውን በጡጫው መታ መታ አድርጎ ጠንካራ ነው አለና ሌላ ዳቦ ገዝቶ ሄደ። የዝናቡ ወቅት ከገባ በኋላ ፈቃዱ ደረሰ፤ ስሜና ፎቶዬ ያለበት፣ ዕውቀቴን በሚመለከት አንዲት ቃል የሌለበት ወረቀት። ሊቀመንበርነቱ ግን ከሚስቴ ጋር ቀረ፤ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም፣ እኔም ጭምር።

በማግስቱ ጠዋት በኩራት እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። ሠራተኞቹ ግን አቡክተው፣ ጋግረው፣ የመጀመሪያውን ዙር ደርድረው ጨርሰው ነበር። ሚስቴ አንዱን ቆርሳ ሰጠችኝና እስክቀምሰው ቆማ ጠበቀች። ጨው አንሶታል ልል አፌን ከፈትኩ። አላነሰውም ነበር። ጥሩ ነው አልኳት።