የቢጫው ወፍ ጎጆና የአባዬ ቤት

የሙዝ ቅጠል ጥርርር ብሎ ሲቀደድ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወደነበረው ጓሯችን ይሮጣል፤ አንደኛ ክፍል ሆኜ፣ አንገቴን አንጋጥጬ፣ ቢጫ ወፎች ሲሸምኑ አያለሁ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ወንዱ ወፍ ቅጠላችንን በቀጭን በቀጭኑ እየሰነጠቀ ወስዶ ጎጆ ይሠራና፣ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራ ነበር። እሷም ገብታ፣ ነካ ነካ አድርጋ፣ ጎጆው ከደረቀባት ጥላው ትሄድ ነበር፤ ምስኪኑም አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። አባዬ የዶርዜ ሸማኔ ስለሆነ ወፉን «የአባዬ ወፍ» እለው ነበር። አባዬ አዲስ አበባ ሲሸምን ከርሞ የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ግን ጉድ አየሁ። ሴቷ እንቁላሏን ታቅፋ ሳለ፣ ወፌ እዚያው አጠገቧ ሌላ ጎጆ ጀመረ፤ ሌላ ሚስትም መጣችለት! ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ምግብ ይዛ የምትመላለሰው እናትየው ብቻ ነበረች። ለጎረቤታችን ልጅ ለአስቴር ብነግራት፣ «ያንቺም አባት እኮ ሸማኔ ነው፤ አዲስ አበባ ሌላ ቤት ሠርቶ ይሆናል!» ብላ ሳቀችብኝ።

ክረምቱን ሙሉ ይህ ነገር ሆዴን በላኝ። እማዬን ብጠይቃት፣ የሙዝ ዘለላ እንደተሸከመች ቆማ፣ «ሌላ ቤት? መጀመሪያ የአንዱን ኪራይ ይቻለው!» አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም።

መስከረም ሲጠባ መላ መታሁ። አባዬ ጥሎን የሚሄደው ቤታችን ስለደረቀ ነው ብዬ፣ ለጋ የሙዝ ቅጠል እየሰነጠቅሁ በሩንም ግድግዳውንም አለበስኩት፤ እማዬም «አንቺ ልጅ፣ ሙዙን ጨረስሽው እኮ!» እያለች ትጮህ ነበር። አባዬ በመስቀል ዋዜማ ደርሶ በሩ ላይ ቆመና «ኧረ ይሄ የማን ቤት ነው?» ሲል፣ እግሩ ላይ ጥምጥም ብዬ «አባዬ፣ ስንት ጎጆ ነው ያለህ?» አልኩት።

እማዬ ነገሩን ስታስረዳው አልሳቀም። ከሻንጣው ራሱ የሸመናትን ትንሽ ነጠላ አውጥቶ አለበሰኝ፤ አጠረችኝ። «እዚያ ሆኜ የምትታዪኝ አምና እንደተለየሁሽ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሳትነግሪኝ ታድጊያለሽ» አለኝ።

አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን እንዳስረዱን፣ እህል በሞላበት አገር እናት ብቻዋን ጫጩቶቿን ማሳደግ ስለምትችል፣ ጎጆ የሚያበዛው ወንድ ብዙ ልጅ ይተካል፤ የሚከተለውም ትውልድ እሱን እየመሰለ ይሄዳል። ምግብ እንደ ልብ በማይገኝበት ጫካ ግን ሁለቱም ካልመገቡት ጫጩቱ ስለሚሞት፣ ወንዱ ከጎጆው አይርቅም። ይህን ስሰማ ወፌን ይቅር አልኩት።

እኛም ሙዝ የሞላው ጓሮና ጉልበት የሞላት እናት ነበረን፤ እማዬ ብቻዋንም ልታሳድገኝ ትችል ነበር። አባዬ ግን በየመስቀሉ መጣ። ዘንድሮ ያመጣልኝም ነጠላ አጥሮኛል።