አባዬ ጥጃዋን ያሳየኝ ቀን

የተሸኘሁበት ማታ ሱሉልታ ያለው ቤታችን ክሊኒክ መስሎ ነበር። «ዶክተር ልትሆን ነው» ያለ ጎረቤት ሁሉ በሽታውን ይዞ መጣ። አዴ ጫልቱማ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ገለጡልኝ።

«እማማ፣ እኔ የምማረው ሰው ማከም አይደለም። በሽታ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ነው የማጠናው።»

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ያመኛል!» አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባዬ ብቻ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እሱ እንደ ሌሎቹ ያመመውን አላሳየኝም። መኪናው ሲመጣ ግንባሬን ሳመኝና «ጀምረሽ እንዳትተዪው» አለኝ።

ይኸው ጣሊያን ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የሱሉልታን ውርጭ የለመደ ብርድ አይፈራም ብዬ ተኩራርቼ ነበር። የእኛ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ የዚህኛው አብሮኝ ይውላል፣ አብሮኝ ያድራል። ወተቱ በካርቶን ነው የሚሸጠው፤ ወር ቢቀመጥ አይረጋም። ላም ስትታለብ እያየች ያደገች ልጅ ይህን ለማን ትነግራለች?

የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ ጸሐፊው ወረቀቴን አገላብጦ «ሐኪም ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። የጉበት በሽታ ነው የማጠናው።»

«ታዲያ ማንን ታክሚያለሽ?»

«ለጊዜው አይጦችን።»

«ይድናሉ?»

«አንዳንዶቹ። በመጨረሻ ግን ሁሉንም እንገድላቸዋለን።»

ማህተሙን መታልኝና «እንኳንም ሐኪም አልሆንሽ» አለኝ። በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር ረዘም አድርጌ ያወራሁት ይህንኑ ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ጠባሳ የያዘ ጉበት ሳይ እውላለሁ፤ ማታ ክፍሌ ገብቼ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

እሁድ እሁድ ቤት በቪዲዮ እደውላለሁ። ስልኩን የምትይዘው እናቴ ናት፤ አባዬ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ከኋላ ይታየኛል። «አካም ጅርታ፣ አባዬ?» ስለው «ፈያ፣ ፈያ! ላሞቹም ደህና ናቸው» ይላል። እስኪ ብርሃን ላይ ና ስለው ኔትወርኩ ይጠፋል። የሱሉልታን ኔትወርክ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሰዓት ጠብቆ ግን አይጠፋም።

ባለፈው እሁድ እናቴ ወተት ልታደርስ ወጥታ ኖሮ ስልኩን ያነሳው እሱ ነው። «ቡሬ ወለደች! ቆይ ላሳይሽ» ብሎ ደስ እያለው ወደ በረት ወጣ። እናቴ ካሜራውን ለማዞር የምትነካትን ምልክት አያውቃትም። ስልኩን ወደ ጥጃዋ የደገነ መስሎታል፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን የራሱ ፊት ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ።

የዓይኑ ነጭ እርድ መስሏል። ጉንጩ ገብቷል። ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ያበጠ ሆዱ ይታያል። ሁለት ዓመት በማይክሮስኮፕ ያየሁትን በሽታ አባቴ ላይ አየሁት። የተሸኘሁ ማታ ያ ጋቢ ለምን እስከ አገጩ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጮህ ነበር። ግን አየሁህ ካልኩት ትምህርቱን ጥዬ እንደምመጣ ያውቃል፤ የደበቀብኝም ለዚሁ ነው።

«አየሻት?» አለኝ እየሳቀ።

«አየኋት፣ አባዬ።»

«አላማረችም?»

«በጣም ታምራለች።»

«ጨርሰሽ ስትመጪ የእሷን ወተት ነው የምትጠጪው።»

ጥጃ አድጋ እስክትታለብ ስንት ክረምት እንደሚያልፍ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

«እሺ» አልኩት። «ቆይ፣ እንዳትዘጋው። እስኪ ደግመህ አሳየኝ።»