መዶሻው ሳይጠራ የቀረበት ቀን

የእንስሳት ሕክምና ቤቱ መሣሪያ አቀባይ ሥራ የጀመረችው በመጥረጊያ ነበር። አንድ ቀን ወለል ስትጠርግ ሐኪሙ “አንቺ ልጅ፣ እስቲ ያን መቆንጠጫ” አሏት፤ አቀበለች። እንዲያ እንዳቀበለች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። አርባን ተሻግራም ለእሳቸው “አንቺ ልጅ” ናት።

በእነዚህ ዓመታት አንድ ዜማ አወቀች። የውሻ ዳሌ ታሞ ሰው ሠራሽ ሲተካለት፣ የብረት ዘንግ በጭኑ አጥንት ውስጥ በመዶሻ ይመታል። መጀመሪያ ድምፁ ድፍን ነው። ዘንጉ አጥንቱን ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ ግን ይቀጥናል፣ ይጠራል፤ የላላ ክር ሲቃኝ እንደሚጠራው። ሐኪሙ ያን ሰምተው ነበር የሚያቆሙት። ኋላ ጆሯቸው ደከመ። ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር የለም። በረኛው ብቻ “ዶክተርን እንደምን አደሩ ለማለት ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል” እያለ ያስቃል።

የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ውሻ ዳሌዋ የተተካ ዕለት ሐኪሙ “ገባ” ብለው መዶሻውን አስቀመጡ። ድምፁ ግን አልጠራም ነበር። መሣሪያ አቀባይዋ አፏን ከፈተች። ሽበታቸውን አየችና መልሳ ገጠመችው።

በሰባተኛው ሳምንት ውሻዋ አንድ እግሯን አንጠልጥላ ተመለሰች። ራጁ ላይ ዘንጉ ሰምጦ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ይታያል።

“ዘላ ነበር?” አሉ ሐኪሙ።

“አንድ ቀን ከሶፋ ወርዳለች” አሉ ልብስ ሰፊው፣ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። “ጥፋቱ የኔ ነው። የሟች ባለቤቴ አደራ ነበረች፤ አደራ በላ ሆንኩ።”

መሣሪያ አቀባይዋ ጓዳ ገብታ መቀሶቹን ስትቀቅል፣ ሳታስበው ከንፈሯ ላይ ግጥም መጣባት፦

ጆሮዬ እየሰማ አፌን ምን ለጎመው፣
ዝምታም እንደ ዱላ አጥንት ሰባሪ ነው።

ሐኪሙ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ “ጋሼ፣ ያን ቀን ድምፁ አልጠራም ነበር” አለቻቸው።

ሐኪሙ ውሃውን ዘጉት። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“እርስዎን ማን ደፍሮ ይነግራል?”

“አንቺ።”

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ረጅም ነበር። ዘንጉን አወጡት፤ ሌላ እንዳይተኩ አጥንቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል። ዳሌውን ያለ መገጣጠሚያ ትተው ሰፉት። ውሻዋ ከእንግዲህ እያነከሰች ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን አትወጣም። ልብስ ሰፊው የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ሊወስዷት የመጡ ቀን፣ ሐኪሙ ሳይናገሩ መሣሪያ አቀባይዋ ቀደመች። “አባቴ፣ ሶፋው አይደለም። ብረቱ ከመጀመሪያውም በደንብ አልተቀመጠም። እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ።”

“የመታሁት እኔ ነኝ” አሉ ሐኪሙ ከኋላዋ።

ሽማግሌው የውሻዋን ራስ ዳበሱ። “በሶፋው ተቆጥቼ ለብቻዋ ቆልፌባት ነበር” አሉ። “እያለቀሰች ስታድር፣ ይበላት እያልኩ።”

ይቅርታም እርግማንም አልወጣቸውም። ውሻዋን እንደ ሕፃን አቅፈው ሄዱ። መሣሪያ አቀባይዋ በሩን ልትከፍትላቸው ሮጠች፤ እሳቸው ግን በትከሻቸው ገፍተው ወጡ።