ይመርን የሳልንበት ዓመት

ልጅ እያለሁ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የሥዕል ታሪክ የምንሠራ ሁለት ሴት ልጆች ነበርን። እኔ እስላለሁ፤ ጎረቤታችን ሰዓዳ ደግሞ ከሥዕሉ ሥር ቃሉን ትጽፋለች። ወረቀቱን በማስመሪያ እየከፋፈልን በየሳጥኑ የታሪኩን አንድ አንድ ክፍል እናስቀምጣለን። አባቴ የብራና ጸሐፊ ስለነበሩ ከጥላሸትና ካረረ ገብስ የሚበጠብጡት ጥቁር ቀለም ሲተርፍ ለእኔ ነበር። ሽታው ይከብዳል፤ ጣት ከነካ ቶሎ አይለቅም። የክፍል ጓደኞቻችን የቀበሮና የጅግራ ታሪካችንን በእረፍት ሰዓት እየተሻሙ ያነቡት ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን የሰዓዳ ታላቅ ወንድም ይመር ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከገበያ ሲመለስ ነው የያዙት። ማሠልጠኛ ሳለ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። እናታቸው እትዬ ፋጡማ ከደሴ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ይወርዳሉ፤ ወሬ ሳያገኙ ይመለሳሉ። እያደር እህል መቅመስም ተዉ።

አንድ ቀን ሰዓዳ «ይመርን እንሥራው» አለችኝ። ሠራነው። መጀመሪያ ከነጓዙ መኪና ላይ ሲወጣ፣ ቀጥሎ ከጓደኞቹ ጋር ድንኳን ሲተክል ሳልኩት። እትዬ ፋጡማ ፊደል አይለዩም፤ ወረቀቱን ግን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ አዩት።

«ወላሂ እሱ ነው! ጆሮውን እዩት፣ ቁርጥ እሱን!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዛሬስ ምን በላ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በማግስቱ ገንፎ ሲበላ ሳልኩት። ከሳብኝ ሲሉ አወፈርኩት፤ በርዶታል ሲሉ ካፖርት ደረብኩለት። እሳቸውም ሥዕሉን እያዩ መብላት ጀመሩ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰዓዳ ግን መጻፍ አቆመች።

«ጦር ሜዳ ላለ ሰው ገንፎ ታበያለሽ» አለችኝ። «የት እንዳለ እንኳ አናውቅም እኮ።»

«ታዲያ ምን ልሣል? እናትሽ እየበሉ አይደለም?»

«ነገ ክፉ ወሬ ቢመጣስ? ምን ልንላት ነው?»

ተኳርፈን ሰነበትን። በኋላ እሷ «የማናውቀውን አንሣል» ባለችው ተስማማሁና ከአዲሱ ገጽ አንዱን ሳጥን ባዶ ተውኩት። እትዬ ፋጡማ ጣታቸውን ባዶው ላይ አሳርፈው «እዚህ ጋ የት ሄደ?» አሉ። የመለሰችላቸው ሰዓዳ ናት።

«እማ፣ አናውቅም። እስካሁንም ከራሳችን ነው የሠራነው።»

አልተቆጡም። «ከራሳችሁ መሥራታችሁን መች አጣሁት ልጄ?» አሉ። «ሰው ሁሉ የልጄን ስም በፊቴ ማንሳት ፈራ። እናንተ ብቻ ናችሁ ስለሱ የምታወሩኝ። ሥሩ፤ የማታውቁትን ባዶ ተዉት።»

እንደዚያው ቀጠልን። አንዳንዱ ገጽ ከተሳለው ባዶው ይበዛ ነበር።

ይመር ደርግ በወደቀበት ክረምት መጣ። ከሰሜን በእግሩ ነበር የተጓዘው፤ ግራ ክንዱም ጥይት መትቶት አልታጠፍ ብሎ ነበር። እናቱ ወረቀቶቹን መደብ ላይ ዘርግተው አሳዩት። ገንፎው ጋ ሲደርስ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጦር ሜዳ ያየውን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ዛሬ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት በራሴ አሳትማለሁ፤ ሰዓዳ ደሴ እያስተማረች ቃሉን ትጽፍልኛለች። በስልክ ስንጨቃጨቅ እሷ «ሥዕልሽ በዛ» ትላለች፤ እኔ «ቃልሽ ረዘመ» እላታለሁ። ቀለሙ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ እጅ አያቆሽሽም፤ ተሳስቼም ብስል ወዲያው ይጠፋል። መጻሕፍቱን ብዙ ሰው ይገዛቸዋል፤ ማን እንደሚያነባቸው ግን አላይም። ያኔ አንድ ገጽ ስንጨርስ በአጥሩ ሾልከን እንሮጥ ነበር፤ እትዬ ፋጡማም እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር።