ድምፁ የተዘጋ ጊታር

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ቤት የቀረው ንብረቱ አንድ ካፖርት፣ አንድ ጥንድ ጫማና አንድ ቦክስ ጊታር ነበር። ካፖርቱን እናቴ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ጫማው ጠበበኝ። ጊታሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ እኔም ሥራ ፈት ስለነበርኩ አንዳንዴ አውርጄ እነካካው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ሥራም አላገኘሁም። በዚያን ጊዜ ጉለሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ወጣት ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር። የቀበሌው መዝገብ ላይ ከስምህ አጠገብ «ሥራ የለውም» ከተባለ ተራህ ሩቅ አይደለም።

ወንድሜ ከሄደ ሰባት ወር ሆኖታል፤ የጻፈው ግን ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነው። እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣

«ነገ ቀበሌ አዳራሽ ትሄዳለህ» አለችኝ። «ለኪነት ቡድኑ ኃላፊ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ልጄ ጊታር ይጫወታል አልኩት።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልችልም። የሚችለው እሱ ነበር።»

«እሱ የት ተማረው? እዚሁ ቤት አይደል እንዴ? አንተም ትችላለህ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኪነት ልጆችን እስካሁን አልነኩም። ከበሮም ቢሆን ምታ፤ ብቻ ከዚያ አትውጣብኝ።»

እናቴ ውሸት የማትወድ ሴት ናት። ያን ቀን ለእኔ ስትል እንደዋሸች ስለገባኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።

አዳራሹ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ኃላፊው ካኪ የሚለብስ፣ ሲናገርም የማይጮህ ሰው ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሰጠኝና «ጓድ፣ ሪትም ትይዛለህ» ብሎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ከጎኔ የቆመው፣ ዜማውን የሚመራው ሊድ ጊታር ተጫዋች ከጳውሎስ ወረድ ብሎ ባለ ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚለጥፍ፣ በሦስት ዓመት ገደማ የሚበልጠኝ ሰው ነበር። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፤ የጎማው ጥቁረት ከጥፍሩ ሥር በሳሙና አይለቅም። ክሩን ሲነካ ግን አንዲት ድምፅ ያለቦታዋ አትወጣም። ማንም አላስተማረውም፤ ሬዲዮ እየሰማ ነው የለመደው።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ሦስተኛው ኮርድ ላይ ጠፋሁ። ጣቴ የሚሄድበትን አጥቶ ያገኘውን ሲይዝ ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ የተረገጠ ድመት ይመስላል። ዘፋኟ ዞራ አየችኝ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና አለ። ጎሚስታው ወዲያው ገመድ እንደሚያስተካክል ሰው ጎንበስ አለና እጁን ዘርግቶ የጊታሬን የድምፅ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዘጋው።

«አሁን ተጫወት» አለኝ በጆሮዬ።

«አይሰማም እኮ።»

«አይሰማማ። እጅህን አታቁም፤ እጄ እጄን እያየህ ተከተል።»

ለጊዜው ነው ብዬ ነበር። ስምንት ወር ሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እለማመዳለሁ፤ በየበዓሉ መድረክ ላይ ቀይ ሸሚዝ ለብሼ እቆማለሁ፤ እጄ ይሮጣል፣ ጭንቅላቴ ይወዛወዛል፣ ድምፅ ግን የለም። አንድ ሰው ድንገት ቁልፏን ቢነካትስ? ሊድ ጊታሩ ቢበላሽና «እስኪ አንተ ያዝ» ብባልስ? አሞኛል ብዬ እንዳልቀር ኃላፊው ቀሪ የሆነውን ሰው ስም ይጽፋል። ከልምምድ ስመለስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነው የምገባው። አንዴ ከመድረክ ስወርድ የሠፈር ሴትዮ እጄን ይዘው «ዛሬ ጊታርህ አንጀቴን በላው» አሉኝ። አመሰግናለሁ አልኩ እንጂ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር።

ቤት ስገባ የወንድሜን ጊታር አንስቼ እሞክራለሁ። ጎረቤት እንዳይሰማብኝ ጊታሩ ሆድ ውስጥ አሮጌ ሹራብ እጎሰጉሳለሁ። ግን በሞከርኩ ቁጥር የሚሰማኝ የራሴ ጊታር ሳይሆን በጎሚስታውና በእኔ መካከል ያለው ርቀት ነበር። ስለዚህ ቀስ በቀስ መለማመዱን ተውኩት። የማይችል ሰው ካልሞከረ፣ አለመቻሉን ለአንድ ቀን ይረሳዋል።

ከዚያ የውትድርናው አፈሳ በረታ። አንድ ቅዳሜ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሞ የሚመለስ የጎረቤታችን ልጅ ከነዱቄቱ መኪና ላይ ተጫነ። ሰኞ ዕለት ኃላፊው ሰበሰበን።

«የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የኪነት ቡድኖችን ሊያጣራ ነው» አለ። «የዛሬ ሳምንት ገምጋሚ ይመጣል። እያንዳንዱ ጓድ ለየብቻው ይፈተናል። በአንድ መሣሪያ ሁለት ሰው አይኖርም። የተረፈው ጓድ በሌላ መስክ አብዮቱን ያገለግላል።»

ሌላው መስክ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ጎሚስታው ወደ ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«ነገ በምሳ ሰዓት ወደ ሥራ ቦታዬ ና።»

«ምን ልሠራ?»

«ሪትምና ሊድ አንድ መሣሪያ አይደለም ብዬ እከራከርልሃለሁ። ግን መጀመሪያ ሪትም መቻል አለብህ።»

ሄድኩ። የወንድሜን ጊታር ይዘን ከተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ጀርባ እንቀመጣለን፣ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ድምፃችንን ይሸፍንልናል፤ እሱ በእንጀራና በሽሮ የታሸ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቦታቸው ላይ ያስቀምጣቸዋል። ብዙ አላስተማረኝም። ሦስት ኮርድና አንድ ምት ብቻ። «ሌላውን ተወው፤ ይቺን ሰው ቢገድልህ እንኳ አትሳታት» ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ምቱ እጄ ውስጥ መግባት ጀመረ። ከስምንት ወር በኋላ የራሴን ድምፅ ሰማሁና ሳላስበው ሳቅሁ።

እሱ ግን አልሳቀም።

«ሰውዬው ኖታ ያስነብባል አሉ» አለኝ። «እኔ ደግሞ ወረቀት ፊቴ ከተዘረጋ በቃ፣ ሬሳ ነኝ። አንተ ታነባለህ አይደል?»

አነባለሁ። ልጅ ሳለሁ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር አንድ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ አምስት መስመር እያሰመረ አስተምሮኝ ነበር። በዓለም ላይ እኔ የምችለው እሱ የማይችለው ነገር ይህ ብቻ ነው። ያን ሰው ፈርቶ ሳየው ግራ ገባኝ። እንዲህ የሚጫወት ሰው እንደ እኔ ያለውን ሰው መለመን እንዴት ያስፈልገዋል?

በሲጋራ ፓኮ ጀርባ አምስቱን መስመሮች አስምሬ ጀመርን። ሁለት ቀን አስተማርኩት። ጎበዝ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ፈጠነ። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ አራት ድምፆችን ሳይሳሳት ሲያነብ ስመለከት አንድ ሐሳብ ገባብኝ፤ ከገባ በኋላም አልወጣ አለኝ። ይህ ሰው ማንበብም ከቻለ እኔን ለምን ያቆዩኛል? ክርክሩ ባይሳካና አንድ ሰው ብቻ ይቆይ ቢባል እኔ በምን እቆያለሁ?

በሦስተኛው ቀን አልሄድኩም። በዘፋኟ በኩል «ሆዴን አሞኛል» ብዬ ላክሁበት። በአራተኛውም አልሄድኩም። ቤት ቁጭ ብዬ እሱ ያስተማረኝን ምት ያለ ዕረፍት እየደጋገምኩ ዋልኩ።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ገምጋሚው መጡ። ከጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ በጡረታ የወጡ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ትሑት ሰው ስለነበሩ ይበልጥ አስፈሩኝ። መጀመሪያ የተጠራው ጎሚስታው ነው። ወረቀት ዘረጉለት።

«ይቺን አንብብልኝ ልጄ።»

«ኖታ አላውቅም ጋሼ። ትንሽ ጀምሬ ነበር፤ አልጨረስኩትም።»

ይህን ሲል ወደ እኔ አልዞረም። እኔ ግን እንደዞረ ያህል አንገቴን ደፋሁ።

«ግድ የለም፤ የምታውቀውን ተጫወት» አሉት።

ተጫወተ። ግን እጁ የራሱ አልነበረም። በመካከል ተሳሳተ፤ ሊያስተካክል ብሎ ደግሞ ሳተ። ሲስት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሽማግሌው አንድ ነገር ጻፉና እኔን ጠሩኝ።

ተነሥቼ ቁልፉን ከፈትኩት። አምፕሊፋየሩ «እምም» አለ። ወረቀቱን ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ቀጥሎ ሦስቱን ኮርዶችና ያቺን ምት ተጫወትኩ። አልሳትኳትም።

«ጣትህ ደካማ ነው» አሉ ገምጋሚው። «ግን ታነባለህ። የሚያነብ ሰው ይማራል።»

ጎሚስታው ከተቀመጠበት ተነሣ። «ጋሼ፣ ሪትምና ሊድ ለየብቻ ነው እኮ የሚቆጠረው» አለ። ቃሉን ጠበቀ። ኃላፊው «ተቀመጥ ጓድ» አለው፤ እሱም ተቀመጠ።

ሐሙስ ዝርዝሩ ተለጠፈ። በጊታር አንጻር የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነው። እናቴ ስነግራት ወደ እንጦጦ ዞራ ተሳለመችና አለቀሰች።

ሆዴን አሞኛል ማለቴ ውሸት እንደነበር ለጎሚስታው ልነግረው ወሰንኩ። ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ሳምንት አሳለፍኩ። በመጨረሻ በአንድ የምሳ ሰዓት ጎሚስታ ቤቱ ስደርስ ኮምፕሬሰሩ ብቻውን ይጮሃል። አንድ የተፈታ ጎማ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተነክሯል። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አሁን ወሰዱት» አሉኝ። «እጁን እንኳ አልታጠበም። አንተም እዚህ አትቁም፣ መኪናው ይመለሳል።»

ሮጥኩ። የሮጥኩት ወደ እሱ አልነበረም፤ ወደ አዳራሹ ነው። ልምምድ እስኪጀመር ድረስ መታወቂያዬን በእጄ ጨብጬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ በኪነቱ ቆየሁ። ሪትም ተማርኩ፤ ጎበዝ ግን አልሆንኩም። ወንድሜ አልተመለሰም፤ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ቀረ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ጎሚስታው ሠራዊቱ ከተበተነ ከወራት በኋላ ከሰሜን መጣ። መምጣቱን ከሰማሁ በኋላ ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት በሳምንቱ ነው። ከስቶ፣ ፀጉሩ ከፊት ሳስቶ፣ እዚያው ቦታ ጎማ ሲነቅል አገኘሁት። ሰላምታ እንደጨረስን እዚያው ቆሜ ነገርኩት።

«ያኔ ሆዴን አሞኛል ያልኩህ ውሸት ነው። አንተ ማንበብ ከቻልክ እኔ የምባረር መስሎኝ ነው።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቅህ ልመጣ ነበር። ሥራ በዛብኝና ቀረሁ።»



«በአራት ቀን አይገባኝም ነበር» አለኝ ደግሞ።

«ሊገባህ ይችል ነበር።»

አሰበ። «አዎ፣ ሊገባኝ ይችል ነበር» አለ።

ሻይ አዘዘና ጎማ ላይ ተቀመጥን። ክፍለ ጦሩ ውስጥ አንድ ዓመት በኪነት እንዳጫወቱት፣ ከዚያ ቡድኑ ሲበተን ጠመንጃ እንደያዘ ነገረኝ። «መድረክ ላይ ስወጣ ሁልጊዜ እፈራ ነበር» አለኝ፤ «እዚህም ሳለሁ እፈራ ነበር። አንተ ብቻ የምትፈራ ይመስልህ ነበር?»

እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሻዩን ሲጨርስ ግን ለቅዳሜ ሠርግ እንደተጠራና ሪትም የሚይዝለት ሰው እንዳጣ ነገረኝ። አሁንም እሳሳታለሁ አልኩት። ቦታውንና ሰዓቱን ነግሮኝ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከድንኳኑ ውጭ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ዞሬ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ቦታ ሳትኩ፤ ሰው ግን ይጨፍር ነበር፤ እሱም ሊድ ጊታሩ ላይ እንዳቀረቀረ ቀጠለ፤ እኔም ተከተልኩት።