ሎሚ የበላው ዛጎል

ከስሜና ከፈተና መልስ በቀር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። የዚያን ዛጎል ነገር ግን በአፌ ለማንም መናገር ስላቃተኝ እጽፈዋለሁ።

ክልላችን ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ለሚሠራው መሥሪያ ቤት ከአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ በመኪና ይመጣል፤ እኔ ለግንበኛው አቀብላለሁ። አንድ ቀን የፈለጠው ድንጋይ ላይ አውራ ጣቴን የሚያህል፣ እንደ ማራገቢያ የተሰመረ ነገር አየሁ። ስባሪውን አንስቼ በሻሼ ቋጠርኩት።

«አንቺ ዝምተኛ፣ ድንጋይ ልታገቢ ነው እንዴ? በይ ሽማግሌው እኔ ነኝ!» አለ ግንበኛው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ጎረቤታችን ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች መምህርት ነበረች። እየፈራሁ አሳየኋት። ድንጋይ የሆነ የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው አለችኝ። ከሻንጣዋም የራሷን አወጣች፤ ሟች አባቷ ከአባይ ገደል ያነሱላት ነው።

«መሃሉ ላይ ክር ዘርጊበት። የእኔ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ያንቺ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሌላ ዓይነት ነው። አስተያይው፤ ግን ተዛውሬ ቅዳሜ ስለምሄድ ሳትመልሺልኝ እንዳትቀሪ» ብላ የራሷን አዋሰችኝ።

የእሷ ዛጎል መስመሮች አፈር ይዘው ነበር። እናቴ ከወንዝ ያጠበችውን ወርቅ ለነጋዴ ከመውሰዷ በፊት በሎሚ ታጸዳዋለች። እኔም ሐሙስ ጠዋት ዛጎሉን የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። አረፋ ሲያወጣ ቆሻሻው የለቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሥራ ሄድኩ።

ማታ ስመለስ መስመሮቹ የሉም። እንደተመጠጠ ከረሜላ ሙልጭ ብሏል።

ዓርብ ድምፅዋን በአጥር በኩል በሰማሁ ቁጥር ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ። ጠፋብኝ ልበላት? የእኔን በእሷ ፈንታ ልስጣት? ክር ዘረጋሁበት፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። ገና ስታየው ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዋ ተጭኖ አገኘኋት። መዳፌን ከፈትኩ።

«ቲቸር፣ ሎሚ... ላጸዳው ብዬ...»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የአባቷን ዛጎል በጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

«ያንቺስ?»

«ወደ ግራ ያዘነብላል» አልኩ።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ፊቴን ሳታይ፣ «እሱን ሎሚ እንዳታስነኪው» አለችኝ።