ሰርቪሱ የቆመ ሰሞን

ሰሞኑን ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ስወጣ፣ ማደያው በር ላይ ከተሰለፉት መኪኖች የሚመጣው ጠረን አፍንጫዬን ሞላው። ቤንዚን፣ የጋለ ጎማ፣ ካፊያ የነካው አስፋልት። ከሰልፉ መሀል አንድ የተማሪ ሰርቪስ ባዶውን ቆሟል፤ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። እዚያው ቆምኩ። ይኸውልሽ፣ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነበረች፤ የእነሱን ግቢና የእኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። ቤታቸው ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። እሷ ግን ትምህርት ቤቴን አልቀይርም ብላ አለቀሰች፣ እናቷም እሺ አሏት። ከዚያ ወዲህ በሰርቪስ ትመጣ ጀመር። መንገዱን ሁሉ ስለምትተኛ፣ ክፍል ስትገባ የወንበሩ ስፌት ጉንጯ ላይ ታትሞ ይታይ ነበር።

ከዚያ ነዳጅ ጠፋ። ሰርቪሱ መጀመሪያ ማርፈድ አመጣ፣ ቀጥሎ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን መቅረት፣ በመጨረሻ ጭራሽ ቆመ። መብራትም በየቀኑ ይጠፋ ስለነበር፣ ለጄኔሬተሩ የቀረችው ናፍጣ ለፈተና ወረቀት ማባዣ ተቀመጠች። አንድ ጠዋት ዳይሬክተሯ ያለ ማይክ ሰልፉ ፊት ቆሙ።

"ጠጋ በሉ ልጆች። የሰርቪስ ልጆች ነዳጅ እስኪገኝ ቤታቸው ሆነው ይማራሉ። ለእያንዳንዱ የሩቅ ልጅ አንድ የቅርብ ልጅ እንመድባለን። ኖት ትገለብጡላቸዋላችሁ፣ የቤት ሥራ ታደርሳላችሁ። በቃ፣ ተጋግዘን እናልፈዋለን።"

ለጓደኛዬ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ስማርት ስልክ ያላቸው ወላጆች ኖቱ በፎቶ ይላክላቸው ነበር። የእናቷ ስልክ ግን ከመደወል በቀር ምንም አይሠራም። ስለዚህ አባቴ ከቢሮው ባመጣልኝ ካርቦን ሁለት ሁለት እያደረግኩ እጽፍና፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ ለእናቷ እሰጣለሁ። ስታዲየም አካባቢ ቢሮ ያጸዱ ነበር፤ ታክሲ ስለሌለ ከዚያ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። እጃቸው በረኪና በረኪና ይሸታል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ስር ያስገቡና፣ "አንድ ቀን ይዣት ልመጣ ሞክሬ ነበር፤ የታክሲ ሰልፉ ላይ እንዳለን ረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። ምን ላድርግ? መለስኳት" ይሉኛል።

በሦስተኛው ሳምንት የሚኒስትሪ ፈተና መመዝገቢያ ፎርም መጣ። የክፍል ኃላፊያችን የጓደኛዬን ፎርም ለእኔ ሰጠኝ። "እናቷ እዚያው ፈርመው ይመልሱልሽ። ነገ ጠዋት ዝርዝሩ ይሄዳል፤ አደራ!"

በዚያው ቀን አንዷ የክፍላችን ልጅ ልደቷ ነበር። እሷና ጓደኞቿ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ያን ቀን "ደምበል ሄደን አይስክሬም እንብላ፣ ነይ" አሉኝ። ታክሲ መያዣው ጋ ስቆም ከመንገዱ ማዶ ይጠብቁኝ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ እናቷ አልመጡም።

"ነይ እንጂ! በቃ አይመጡም!" አለች ባለልደቷ።

ወደ ስታዲየም የሚወስደውን መንገድ አንድ ጊዜ አየሁት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ፎርሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተሻገርኩ። የአይስክሬሙ ጣዕም ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

"ፈረሙልሽ?"

"አልመጡም።"

"ጠበቅሻቸው?"

"አዎ። እስኪመሽ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የእናቷን ስልክ ሞከሩ፤ አይሠራም። "በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ልጆች ሰፈራቸው ያለ ትምህርት ቤት ገብተዋል። እሷንም አስገብተዋት ይሆናል፤ ወላጅ ባልፈረመበት ደግሞ አልልክም" አሉና፣ ማስመሪያ አስደግፈው ስሟ ላይ መስመር አሰመሩ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ ይሰማኝ ነበር። አፌን ልከፍት እችል ነበር። "ዝርዝሩ አንድ ቀን ይቆይ፣ ዛሬ ልጠብቃቸው" ማለት ይበቃ ነበር። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ያን ዕለት ማታም፣ ከዚያም በኋላ፣ አፍሬ ኡራኤል አልሄድኩም።

እናቷ ግራ ገብቷቸው ትምህርት ቤት ሲመጡ ዝርዝሩ ሄዶ ነበር። ዳይሬክተሯ ክፍለ ከተማ ድረስ በእግራቸው ሄደው ለመኑ፤ ምዝገባው ተዘግቷል ተባሉ። ልጅቷ ዓመቱን ልትደግም ሆነ።

ነዳጅ ተገኘና ሰርቪሱ ተመለሰ። የሩቅ ልጆች እየጮሁ፣ እየተቃቀፉ ወረዱ። እሷ የመጣችው ከሳምንት በኋላ፣ ከእናቷ ጋር፣ መልቀቂያዋን ልትወስድ ነበር። ዩኒፎርም አልለበሰችም። በሩ ላይ ተገናኘን። እናቷ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። "የዚያን ቀን ዝናብ ይዞኝ ዘገየሁብሽ። እስኪመሽ ቆመሽ ጠበቅሽኝ አሉ፤ ዳይሬክተሯ ነገሩኝ። እኔም ስደርስ ሳጣሽ፣ ምናልባት ትመጪ እንደሆን ብዬ ትንሽ ቆሜ ነበር። ለልጄ የደከምሽውን እግዜር ይክፈልሽ።"

ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ። ስዋሽ ታውቀኝ ነበር፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቀኝ ነበር። ዓይኔን ሰበርኩ። እሷም የእናቷን ክንድ ያዘችና "እማ፣ በቃ እንሂድ፤ የታክሲ ሰልፉ ይረዝምብናል" አለቻቸው።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እናቷ ሁለት ጊዜ ዞረው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እሷ አልዞረችም።